የምትውጠውን እወቅ!

የምትወስደውን መድኃኒት ስም ታውቀዋለህ?

«ነጯ ኪኒን» ስም አይደለም። «ያቺ ባለ ሁለት ቀለም ካፕሱል» ስም አይደለም። «የግፊቷ» ደግሞ ሥራዋ እንጂ መጠሪያዋ አይደለም።

እስቲ በስሙ ጥራው!

ጠራኸው? ጎበዝ! አቃተህ? አትጨነቅ፣ ዛሬ ትጀምራለህ። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቅህ አንድ ውሳኔ ነው፦ መድኃኒት ዋጭ መሆንህን አቁመህ መድኃኒትህንና ቆዳህ ስለ እሱ የሚነግርህን የምታውቅ ሰው መሆን። ለዚህ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግህም። እስክሪብቶ፣ የስልክህ ካሜራና «ከዛሬ ጀምሮ» የሚል ቁርጥ ያለ ልብ ይበቁሃል።

ለምን ቆዳ?

መድኃኒት አልስማማ ሲልህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ቆዳህ ነው። ጉበትህ ሲቆጣ በዓይንህ አታየውም። ኩላሊትህ ሲደክም ድምፅ አያሰማም። ቆዳህ ግን እንደ ጥሩ ዘበኛ ነው፤ ሌባው ሳሎን ሳይደርስ ከበር ላይ ይጮኻል። ያሳክካል። ያብጣል። ሽፍታ ያወጣል። ይጠቁራል። ይላጣል።

ታዲያ ዘበኛው ሲጮኽ ምን ታደርጋለህ? ተከናንበህ ትተኛለህ ወይስ ትነሣለህ?

ተነሣ!

መልካሙን ዜና ልንገርህ። መድኃኒት የሚያስከትለው ሽፍታ አብዛኛው ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆም እሱም ይጠፋል። ጥቂቱ ግን ሕይወት እስከመንጠቅ ይደርሳል። በዚህ በከባዱ ጊዜ ትልቁን ልዩነት የሚፈጥረው ቶሎ ማወቅና ቶሎ መድረስ ነው። ቶሎ ማወቅ ደግሞ ዕድል አይደለም። ልማድ ነው። ልማድ ይገነባል።

አምስት ልማዶች እንገንባ።

አንደኛ፦ ስሙን ያዝ

አንድ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ስም አለው። አንዱ ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሌላው ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ስም ነው። አንተ መያዝ ያለብህ ሁለተኛውን ነው።

ለምን? ኮትሪሞክሳዞል ወስደህ ሰውነትህ ሽፍታ አወጣ እንበል። ከዓመት በኋላ ሌላ ፋርማሲ ባክትሪም ይሰጥሃል። ስሙ አዲስ ነው፣ ሳጥኑ አዲስ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን ያው ኮትሪሞክሳዞል ነው። አሞክሲሲሊን ያልተስማማው ሰው ኦግመንቲን ሲሰጠውም እንዲሁ ነው፤ ኦግመንቲን ውስጥ አሞክሲሲሊን አለ።

ከአገር ውጭ የምትኖር ከሆነ ይህ ይበልጥ ይመለከትሃል። ፓራሲታሞልን አሜሪካ ታይሌኖል፣ እስራኤል አካሞል፣ ዱባይ ፓናዶል ብለው ይሸጡልሃል። አገር ስትቀይር ስም ይቀየራል። የሰውነትህ ጠባይ ግን አብሮህ ይጓዛል።

ስለዚህ ሳጥኑን አትጣል። ስሙ የተጻፈበትን ፎቶ አንሣ። ኪኒኑን ቆጥረው በትንሽ ፖስታ ከሰጡህ ከመስኮቱ አትነሣ፤ «እባክዎ ስሙን ይጻፉልኝ» በል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም!

ሁለተኛ፦ ቀኑን ጻፍ

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ስወስደው ምንም አላደረገኝም፤ ስለዚህ ሽፍታው ከእሱ አይደለም።»

ይህን ብለህ ታውቃለህ? ዳግመኛ አትበለው። መድኃኒት ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይቆጣም። የራሱ ቀጠሮ አለው።

በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሚመጣው ፈጣኑ አለርጂ ነው። ሰውነት እብጥ እብጥ እያለ ያሳክካል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ከፔኒሲሊን መርፌ በኋላ «ትንሽ ተቀመጥ» የሚሉህ ለዚህ ነው። ተቀመጥ! ጥለህ አትሂድ።

ከ4 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ኩፍኝ የሚመስለው የተለመደው ሽፍታ ብቅ ይላል። በአሞክሲሲሊን ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው።

ከባዱና ቆዳ የሚልጠው በአብዛኛው ከ4 እስከ 28 ቀን ውስጥ ይመጣል። ትኩሳትና የፊት ማበጥ ያለው፣ ንፍፊት የሚያሳብጥና ጉበት የሚነካው ደግሞ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪልስ? ከንፈርና ምላስ የሚያሳብጠው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህ እብጠት የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። «ለዓመታት የማውቀው መድኃኒቴ ነው» ብለህ አትዘናጋ።

አሁን የቀኑ ጥቅም ታየህ? ሐኪሙ «መቼ ጀመርክ?» ሲልህ «በቅርቡ» የሚል መልስ አይረዳውም። «ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው» ካልከው ግማሹን መንገድ አሻገርከው።

እስክሪብቶህን አውጣ። የጀመርክበትን ቀን ሳጥኑ ላይ ጻፍ። አለቀ።

ቀን መጻፍ ሌላም ነገር ይገልጥልሃል። አንዳንድ ሰው መድኃኒት በወሰደ ቁጥር ያው አንድ ቦታ ላይ ክብ ምልክት ይወጣበታል። ያሳክካል ወይም ያቃጥላል፣ ከዚያ ጠቁሮ ይቀራል። በሌላ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ሲወስድ ያው ቦታ ይቆጣል። ከንፈር ላይ ሲወጣ «ምች መታኝ» ተብሎ ይታለፋል። ምች ላይሆን ይችላል! ለትኩሳቱ ወይም ለራስ ምታቱ የዋጥከው ኪኒን ሊሆን ይችላል። ኮትሪሞክሳዞል፣ አይቡፕሮፌንና ዶክሲሳይክሊን ይህን ከሚያደርጉት መካከል ናቸው። ቀኑን የጻፈ ሰው ግንኙነቱን ያያል። ያልጻፈ ሰው ዳማከሴ ሲጨምቅ ይኖራል።

ሦስተኛ፦ ቆዳህን በራስህ ቀለም አንብበው

በየመመሪያው «ቆዳ ይቀላል» የሚል ታነባለህ። መስታወት ፊት ትቆማለህ። ምንም ቀይ ነገር የለም። «ደህና ነኝ» ብለህ ትሄዳለህ።

ቆይ! የአንተ ቆዳ ጠይም ከሆነ ወይም ጥቁር፣ መቅላት እንደ መጽሐፉ አይታይም። ወይን ጠጅ መስሎ፣ ጠቆር ብሎ ወይም አመድ መስሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በዓይንህ ብቻ አትፍረድ። በእጅህ ዳስስ። ይሞቃል? ሻክሯል? አብጧል? ስትነካው ያምማል?

ማየቱንም በፀሐይ ብርሃን አድርገው፤ የማታ አምፖል ያታልላል። መዳፍህን እይ። አፍህን ከፍተህ እይ። ዓይንህን እይ። አዲስ መድኃኒት ከጀመርክ ሁልጊዜ ጠዋት ፊትህን ስትታጠብ አድርገው። የተለወጠ ነገር ካየህ ፎቶ አንሣ፣ በማግሥቱም ድገም። ሽፍታው እየሰፋ ይሁን እየከሰመ ፎቶው ይመሰክራል።

ይህን ልማድ ለእናትህና ለአባትህም አድርግላቸው። «እማዬ፣ ክንድሽን ልየው» ማለት ፍቅር ነው።

አራተኛ፦ የምትሮጥበትን ምልክት በቃልህ ያዝ

እ.ኤ.አ. በ1922 አልበርት ስቲቨንስና ፍራንክ ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች ኒውዮርክ ውስጥ ስላዩዋቸው ሁለት ልጆች ጻፉ። ልጆቹ ትኩሳት ነበራቸው። ቆዳቸው ላይ ሽፍታ፣ አፋቸው ውስጥ ቁስል፣ ዓይናቸው ላይ ከባድ ጉዳት ነበር። በሽታው እስከ ዛሬ በሁለቱ ሐኪሞች ስም ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድረም ይባላል። በአዋቂዎች ላይ ዋናው መነሻው መድኃኒት መሆኑ ዛሬ በደንብ ይታወቃል።

አጀማመሩ አታላይ ነው። ጉንፋን ይመስላል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዓይን ማቃጠል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ያምማል። ያሳክካል አላልኩም፤ ያምማል። ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል።

እነዚህን ስድስት ምልክቶች አሁኑኑ አንብባቸው፤ ለቤተሰብህም አንብብላቸው፦

- ፊት፣ ከንፈር ወይም ምላስ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር
- ሽፍታው ከትኩሳት ጋር ሲመጣ
- አፍ፣ ዓይን ወይም ብልት ላይ ቁስል ሲወጣ
- ቆዳው ውሃ ሲቋጥር ወይም ሲላጥ
- ቆዳው ከማሳከክ አልፎ ሲያቃጥልና ሲያምም
- ንፍፊት ሲያብጥ፣ የዓይን ነጩ ቢጫ ሲሆን

ከእነዚህ አንዱን ካየህ የሚቀጥለውን ኪኒን አትዋጥ። ነገን አትጠብቅ። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነሳጥናቸው ይዘህ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ሂድ ስልህ አሁን ማለቴ ነው!

አንዳንድ መድኃኒቶች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ንቁ ዓይን ይፈልጋሉ። ኮትሪሞክሳዞል። ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ላሞትሪጂን። ለኤችአይቪ ሲሰጥ የቆየው ኔቪራፒን።

ፈራህ? አትፍራ። እነዚህ ሕይወት አዳኞች ናቸው። ከሚወስዷቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ከባድ ችግር አይገጥማቸውም። የምልህ ንቃ ነው።

ላሞትሪጂን በትንሽ መጠን ተጀምሮ በየሳምንታቱ ቀስ እያለ የሚጨመረው ለምን ይመስልሃል? ቆዳህን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ «ቶሎ እንዲሻለኝ» ብለህ መጠኑን በራስህ አታሳድግ። ለቀናት ካቋረጥክም ዘለህ በነበርክበት መጠን አትጀምር። መጀመሪያ ጠይቅ።

አምስተኛ፦ ከማቆምህ በፊት ጠይቅ

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንግለጥ። የቀለም ለውጥ ሁሉ አደጋ አይደለም።

የቲቢ መድኃኒት ጀምረህ ሽንትህ ብርቱካናማ ሆነ? ላብህና እንባህም? ሪፋምፒሲን ነው። የሚጠበቅ ነው። ቀጥል!

የሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ቆዳው ወደ ቀይ ቡናማ ሲያደላና ሲጠቁር ይደነግጣል። ክሎፋዚሚን ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቀስ በቀስ እየለቀቀ ይሄዳል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ሲቋቋም ይህ ዛሬ የሚሰጠው የብዙ መድኃኒቶች ጥምረት ገና አልመጣም ነበር። ጥምረቱ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ተስፋፋ፤ በሽታውንም የሚድን አደረገው። ለጊዜው የጠቆረ ቆዳ ለእንዲህ ያለ ፈውስ ትንሽ ዋጋ ነው።

ዶክሲሳይክሊን ስትወስድ ፀሐይ ቶሎ ታቃጥልህ ይሆናል። ለግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ታዲያ ታቆማለህ? አታቆምም! ባርኔጣ ታደርጋለህ። እጅጌው ረዥም ልብስ ትለብሳለህ። በቀትር ጥላ ትፈልጋለህ።

የቲቢ መድኃኒት በራስህ ካቋረጥክ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ካቆምክ በሽታው ሊነሣብህ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከስድስቱ ምልክቶች አንዱ ከመጣ ሩጥ፤ ቀለል ያለ ማሳከክ ወይም ለውጥ ከመጣ በዚያው ቀን ደውል፣ ጠይቅ፣ ከዚያ ወስን።

አሁን ደግሞ ላንቺ፣ እህቴ

ማዲያት አስቸገረሽ? ቡግር አማረረሽ? ጓደኛሽ «ይቺን ቅባት ሞክሪያት፣ በሳምንት ትለወጫለሽ» አለችሽ?

እውነቷን ነው፤ በሳምንት ልትለወጪ ትችያለሽ። በወራት ውስጥስ?

ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ናቸው። ሐኪም ለትክክለኛው በሽታ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ለተወሰነ ጊዜ ሲያዛቸው ግሩም ይሠራሉ። ፊት ለማቅላት ሲውሉ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ። የደም ሥር ያወጣሉ። ፀጉር ያበቅላሉ። ቡግሩን ያብሱታል። ስታቆሚያቸው ፊትሽ ይቃጠላል፤ ስለዚህ እንደገና ትቀቢያለሽ። ወጥመዱ ይሄ ነው።

ጭርት ላይ ሲቀቡ ደግሞ ማሳከኩን ያስታግሱና ፈንገሱን ያስፋፋሉ። የዳንሽ ይመስልሻል። ከሥር እየሰፋ ነው።

ሃይድሮኪኖን ያለበት ማቅያ ለረዥም ጊዜ ሲቀባ ጭራሽ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ምን እንዳለው ያልተጻፈበት ማቅያ ውስጥ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

ስለዚህ ወስኚ! የንጥረ ነገር ስም የሌለውን ቅባት ፊትሽ ላይ አታድርጊ። የሰው ቅባት አትዋሺ፣ የራስሽንም አታውሺ። ስቴሮይድ ለወራት ተቀብተሽ ከሆነ አትፈሪ፣ አትደብቂም፤ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂና እንዴት እንደምትላቀቂው ጠይቂ። ሐኪም ያዘዘልሽን ስቴሮይድ ስትቀቢም በልክ ይሁን። ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የምትወጣ ቅባት ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቆዳ ትሸፍናለች።

ለከባድ ቡግር የሚሰጠውን አይሶትሬቲኖይን ደግሞ ከውጭ በሻንጣ አታስልኪ። ከንፈር ማድረቁ ትንሹ ነገር ነው። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ፅንሱን ክፉኛ ይጎዳል። በሕክምናው ወቅትና ካበቃም በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር እርግዝና መከላከል ግዴታ ነው። ይህ መድኃኒት ሐኪም ይፈልጋል።

አንድ ነገር ለሁላችንም። ሽፍታ ሲወጣ ጤና አዳም ወይም ሎሚ ጨምቆ መቀባት ይቅር። ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። አንድ ችግር የነበረው ሰው ሁለት ይሆንበታል።

ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው

እስካሁን ካነበብከው ውስጥ ከባድ ነገር አለ? የለም። ታዲያ ለምን አናደርገውም?

ይሉኝታ!

ከኋላ ሰልፍ አለ። ፋርማሲስቷ ቸኩላለች። ዶክተሩ ቀና ብሎ አላየህም። «ምን ያህል አላዋቂ ነው ይሉኝ ይሆን?» ትላለህ። ዝም ብለህ ተቀብለህ ትወጣለህ።

ወዳጄ፣ ሰልፉ በአምስት ደቂቃ ይረሳሃል። ኪኒኑ ግን ከአንተ ጋር ቤት ይገባል። ይሉኝታህን ከፋርማሲው ደጃፍ ተወው።

ጥያቄህን አስቀድመህ ካዘጋጀህ አፍህ አይያዝም። ሦስት ብቻ ናቸው፦

ቆዳዬ ላይ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ምን ሲመጣ ልደውል?

ምን ሲመጣ ልሩጥ?

አጥናቸው። በሩ ላይ ስትደርስ በልብህ ድገማቸው። ደግሞም የምትወስደውን ሁሉ ተናገር። የባሕል መድኃኒቱንም፣ ጎረቤት የሰጠችህንም፣ ከሱቅ የገዛኸውንም። ባለሙያው የሚጠብቅህ በነገርከው ልክ ነው።

ስትናገር በትክክል ተናገር። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ብቻ አትበል። ምን ሆንክ? ሽፍታ? እብጠት? ሆድ ቁርጠት? ሆድ መረበሹ አለርጂ አይደለም። «የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ» ከሚሉት ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሲመረመሩ መድኃኒቱን ያለችግር መውሰድ የሚችሉ ሆነው ይገኛሉ። በግምት ራስህን ከጥሩ መድኃኒት አታርቅ፤ አስመርምር። የተረጋገጠ ከሆነ ግን በትልቁ ጽፈህ ቦርሳህ ውስጥ ያዘው፣ በሄድክበት ሁሉ ቀድመህ ንገር።

ያንተ ድምፅ ሌላውንም ያድናል

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 አገሮች የመድኃኒት ጉዳቶችን የሚያሰባስቡበት ፕሮግራም ጀመረ። ምክንያቱ ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በሺዎች በሚቆጠሩ ፅንሶች ላይ ያደረሰው ጉዳት ነበር። ኢትዮጵያም የዚህ ፕሮግራም አባል ናት። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ሥራ ቢጫ ቅጽ አለው፤ ነፃ የስልክ መስመሩም 8482 ነው።

መድኃኒት ቆዳህን ከጎዳው ለባለሙያው «ሪፖርት ይደረግልኝ» በል። አንድ ቅጽ ብቻውን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ብዙ ቅጾች ሲደማመሩ ግን ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ መጥፎ ምርት ከገበያ ይሰበሰባል። የማታውቀው ሰው በአንተ ሪፖርት ይድናል። ይህን የሚያህል በጎ ሥራ በአንድ ወረቀት!

ዛሬውኑ!

ሰኞን አትጠብቅ። ዛሬ ማታ መሳቢያውን ክፈት። ጊዜያቸው ያለፈባቸውንና ስማቸው የማይታወቀውን ለይተህ ወደ ፋርማሲ ውሰድ። የቀሩትን ስማቸውን ጻፍ። ቀናቸውን ጻፍ። ፎቶ አንሣ። ስድስቱን ምልክቶች በወረቀት ጽፈህ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፍ። ሦስቱን ጥያቄዎች ለልጅህ አስተምር፤ ልጅ ያጠናውን አይረሳም።

ከዚያ ነገ ጠዋት ፊትህን ስትታጠብ ቆዳህን እይ። ከነገ ወዲያም እይ። በሳምንቱ ልማድ ይሆንልሃል። በወሩ ቤተሰብህ አንተን ይጠይቃል፤ «ይሄ መድኃኒት ምንድነው?» ሲሉህ መልስ ይኖርሃል።

ሐኪሙ ያዝዛል። ፋርማሲስቷ ትሰጣለች። ሌት ተቀን ሰውነትህን የምትጠብቀው ግን አንተ ነህ። ትችላለህ። ወስን፣ ጻፍ፣ ጠይቅ፣ ጀምር!